መሰንጠቂያውን የሚያውቅ እጅ

ድንጋዩ ቁመቱ 11 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 7፣ ውፍረቱ በመካከሉ 4 ተኩል ነው። ከታች ጠፍጣፋ መቀመጫ አለው፤ ከዚያ በላይ አንድም ማዕዘን የለውም። ጎኖቹ ሳይቋረጡ ወደ ላይ ይወጡና አናቱ ላይ ትንሽ ወደ ግራ ዘንበል ብለው ይገናኛሉ። ቀለሙ ስስ ሰማያዊ ነው፤ ወደ ግራጫ ያደላል። በውስጡ ነጭ ጅማቶች ከታች ወደ ላይ በሰያፍ ያልፋሉ። ከጅማቶቹ አንዱ ከሌሎቹ ይሰፋል፤ ከጀርባ ተነሥቶ አናቱን ዞሮ ፊት ለፊት ድረስ ሳይበጠስ ይወርዳል። ሰማያዊ ካልሳይት ነው፣ ከማዳጋስካር የወጣ። አሁን ያለው እንጅባራ ውስጥ፣ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ሳሎን፣ የመጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ነው።

ሲያነሡት መጀመሪያ የሚሰማው ቅዝቃዜው ነው። የጣትን ሙቀት ቶሎ ይወስዳል፤ ፕላስቲክ እንዲህ አያደርግም። ቀጥሎ ክብደቱ ይመጣል። ሚዛን ላይ 474 ግራም ነው። ውሃ በያዘ መስፈሪያ ውስጥ ሲጠልቅ ውሃውን 175 ሚሊ ሊትር ከፍ ያደርገዋል። 474 ለ175 ሲካፈል 2.71 ይሆናል፤ የካልሳይት እፍግታም ይኸው ነው። የመስኮት መስታወት 2.5 ገደማ ስለሆነ፣ በዚህ መጠን የተሠራ ሰማያዊ መስታወት 440 ግራም አይሞላም። ኳርትዝ ግን 2.65 ነው። የ10 ግራም ልዩነት በቤት ሚዛን የሚታመን አይደለም፤ ኳርትዝን የሚለየው ጥንካሬ ነው። ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ሞስ እ.ኤ.አ. በ1812 ማዕድናትን ከ1 እስከ 10 በጥንካሬ ሲደረድር ካልሳይትን 3 ላይ፣ ኳርትዝን 7 ላይ አስቀመጠ። የሰው ጥፍር 2 ተኩል ያህል ስለሆነ ካልሳይትን አይጭርም። ቢላዋ ይጭረዋል፣ ያውም በቀላሉ። ተወልውሎ ባለቀ ድንጋይ ላይ ቢላዋ የሚሞክር እንግዳ ግን ሁለተኛ ባይጠራ ይሻላል።

ንጹሕ ካልሳይት ቀለም የለውም። በዚህ ድንጋይ ውስጥ ሰማያዊው በመላ አካሉ ሳስቶ ተበትኗል፤ ስለዚህ የቀለሙን ድምቀት የሚወስነው ውፍረቱ ነው። አናቱ አጠገብ ውፍረቱ 1 ሳንቲ ሜትር በሆነበት ቦታ ወደ መስኮት ቢያዝ ቀለም ያለው አይመስልም። ወደ መካከሉ ሲወረድ ሰማያዊው ይጠነክራል። 4 ተኩል ላይ ሙሉ ነው። ሠሪው ቢያሳሳው ቀለሙ ያመልጠው ነበር። ቢያወፍረው ብርሃኑ ማለፍ ያቅተውና ግራጫው ያይል ነበር። ጥሬውን ድንጋይ አይቶ ይህን ልክ መምረጥ የመጀመሪያው ሥራ ነው፤ ከሥራዎቹም ሁሉ ወደ ኋላ ተመልሶ የማይታረመው እሱ ነው። የተቆረጠ አይቀጠልም።

እንጅባራ የቀርከሃ አገር ናት። በአዊ ደጋ ቀርከሃ ከአጥር አልፎ ወንበር፣ አልጋና መደርደሪያ ይሆናል። ወንበር ሊያደርስ መምህርቷ ቤት የገባ አንድ ወጣት ቀርከሃ ሠሪ ድንጋዩን አንሥቶ በአውራ ጣቱ ዳሰሰውና «እትዬ፣ ይኼ በየት በኩል ነው የሚሰነጠቀው?» አላቸው። ሌላው እንግዳ ሁሉ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። የእሱ ጥያቄ የባለሙያ ነው። ቀርከሃ በቁመቱ ይሰነጠቃል፤ ቢላዋው ጫፉ ላይ ከገባ በኋላ ስንጥቁ በራሱ መንገድ ይሄዳል፣ የሠሪው ድርሻ ቀጥ እንዲል መጠበቅ ብቻ ነው። «በሦስት በኩል፣ ልጄ» አሉት።

መልሱ ትክክል ነው። ካልሳይት የሚሰነጠቅባቸው ሦስት አቅጣጫዎች አሉት፤ ሦስቱም ፍጹም ለስላሳ ፊት ይሰጣሉ። አንዱ ከሌላው ጋር ግን በ90 ዲግሪ አይገናኝም። ማዕዘኖቹ 75 እና 105 ዲግሪ ያህል ናቸው። ስለዚህ የተሰበረ ካልሳይት የተንጋደደ ሳጥን ይሆናል። ሳጥኑ ቢሰበር ያነሰ የተንጋደደ ሳጥን ይወጣል፤ እሱም ቢሰበር እንዲሁ፣ በዓይን እስከማይታይ ድረስ። ፈረንሳዊው ቄስ ሬኔ ዡስት አዩይ አንድ የካልሳይት ክሪስታል ከእጁ አምልጦ ሲሰበር ይህን አየ ይባላል። ክሪስታል ሁሉ ተመሳሳይ ቅርጽ ካላቸው ጥቃቅን አካላት የተደረደረ ነው የሚለውን ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1784 በመጽሐፍ አወጣ። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የሚነገረው የክሪስታል ትምህርት ከዚያ ይነሣል።

ለሚያለሰልሰው ሰው ግን ሦስቱ አቅጣጫዎች ሦስት አደጋዎች ናቸው። የሚለሰልሰው ፊት ከአንዱ የመሰንጠቂያ አቅጣጫ ጋር ትይዩ ከሆነ፣ መሳያው ድንጋዩን ቀስ በቀስ ከመብላት ይልቅ ቅርፊት ቅርፊቱን ያነሣዋል። ያ ቦታ ምንም ቢደከምበት አይሰምርም። ስለዚህ ፊቱ ከመሰንጠቂያው ጥቂት ዲግሪ መዘንበል አለበት። በሰማያዊ ካልሳይት ነገሩ የበለጠ ይወሳሰባል፤ ቋጥኙ አንድ ክሪስታል ስላልሆነ ነው። ብዙ ፍሬዎች እርስ በርስ ተያይዘው የሠሩት ነው፣ እያንዳንዱም ፍሬ የራሱ ሦስት አቅጣጫዎች አሉት። ሁሉንም ማስደሰት አይቻልም። ሠሪው ትልልቆቹን ፍሬዎች ይመርጣል፤ ለትንንሾቹ ደግሞ እጁን ያቀልላል።

ይህኛው ሠሪ ትልቁን ፍሬ አይቶታል። ማስረጃው ድንጋዩ ላይ አለ። ሰፊውን ፊት አምፖል ሥር ይዞ ቀስ ብሎ ማዞር ነው። መጀመሪያ የላዩ ነጸብራቅ ያልፋል። ትንሽ ሲዞር ከውስጥ ሌላ ብልጭታ ይነሣል፤ ብርማ ነው፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል። ያ የውስጥ መሰንጠቂያ ፊት ነው። በላዩ ነጸብራቅና በእሱ መካከል ያለው ዝንባሌ 10 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ትይዩ ቢሆኑ ኖሮ ሁለቱ ብልጭታዎች አንድ ላይ ይመጡ ነበር። በአንድ በኩል ስንጥቁ በጥቂቱ ተከፍቶ ስስ አየር ገብቶበታል፤ እዚያ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ቀለማት ተጠጋግተው ይታያሉ። ገዢዎች ይህን ይወዱታል። እኔ እንደ ጉድለት እቆጥረዋለሁ፣ የሚያምር ቢሆንም።

የሥራው ሂደት በጽሑፍ አጭር ነው። ቋጥኙ ጠርዙ አልማዝ በለበሰ የመጋዝ ዲስክ፣ ውሃ እየፈሰሰበት ይቆረጣል። በ80 ቁጥር መሳያ ቅርጽ ይይዛል። በዚህ ቁጥር የመሳያው ፍሬ 0.2 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት አለው። በ220 ቁጥር 0.07 ይሆናል፣ በ400 ደግሞ 0.035፣ በ1200 ወደ 0.015 ይወርዳል። ከዚያ 3000 አለ። በየደረጃው የሚሆነው አንድ ነገር ነው፤ ትልቁ ጭረት በትንሹ ይተካል። ሠሪው ቁጥር በለወጠ ቁጥር የእጁን አቅጣጫም ይለውጣል። በ220 ከላይ ወደ ታች የሄደ እጅ በ400 ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ያልጠፋ አሮጌ ጭረት ካለ አዲሶቹን አቋርጦ ይታያል።

በየመካከሉ ድንጋዩም እጁም ይታጠባል። አንዲት የ80 ቁጥር ፍሬ ጨርቅ ላይ ቀርታ 1200 ላይ ከደረሰች ሥራው በሙሉ ወደ ኋላ ይመለሳል። ከታጠበ በኋላ ደግሞ ሳይደርቅ አይፈረድም። እርጥብ ድንጋይ ይዋሻል። ውሃው ጭረቱን ስለሚሞላው ገና በ400 ላይ ያለ ድንጋይ ያለቀ ይመስላል። ገበያ ላይ ድንጋይን በውሃ ወይም በዘይት አርሰው የሚያሳዩ ነጋዴዎች ይህን ያውቃሉ።

በ3 ጥንካሬ ላይ ያለ ድንጋይ ቶሎ ይታዘዛል። ይህ ጥቅም ይመስላል። ኳርትዝ ላይ ሠሪው ለአፍታ ቢዘናጋ የሚጎድል ነገር የለም፤ ካልሳይት ላይ ግን ያ አፍታ ጎድጓዳ ቦታ ይተዋል። ያንን ለማስተካከል ዙሪያውን ሁሉ ዝቅ ማድረግ ይጠይቃል፣ ዝቅ ሲደረግም ውፍረቱ ይቀንሳል፣ ውፍረቱ ሲቀንስ ሰማያዊው ይሄዳል። ሌላው ጠላት ሙቀት ነው። ካልሳይት ሲሞቅ በሁሉም በኩል እኩል አይሰፋም። በአንዱ አቅጣጫ ይረዝማል፤ በዚያው ጊዜ በመስቀለኛው ይጠባል። ጎን ለጎን የተያያዙ ፍሬዎች በተለያየ አቅጣጫ ሲረዝሙና ሲጠቡ መጋጠሚያቸው ይላላል። የላላው መጋጠሚያ እንደ ነጭ ክር ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ውሃው አይቋረጥም፤ እጁም አይጫንም።

የመጨረሻው ደረጃ ዱቄት ነው። የቆርቆሮ ወይም የአሉሚኒየም ኦክሳይድ በውሃ ተለውሶ በሱፍ ጨርቅ ወይም በቆዳ ላይ ይቀባል፣ ድንጋዩም በቀስታ ይታሻል። የእብነ በረድ ሠራተኞች በዚህ ላይ ጥቂት ኦክሳሊክ አሲድ ይጨምራሉ፤ አሲዱ የላዩን ገጽ በስሱ ይለውጥና ጭረቶቹን ያለዝባል። ትንሽ ሲበዛ ድንጋዩን ይበላል። መወልወል የሚባለው ጭረቱ ከብርሃን ሞገድ ሲያንስ ነው። የሚታይ ብርሃን ሞገድ ከ0.0004 እስከ 0.0007 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ በታች የሆነ ጭረት ብርሃኑን ብዙም አይበትነውም፤ ብርሃኑም እንደመጣ ቀጥ ብሎ ይመለሳል።

ያለቀ ሥራ የሚነበበው በቀጥተኛ መስመር ነው። የመስኮቱን ፍሬም በድንጋዩ ገጽ ላይ ማየት፣ ከዚያ ድንጋዩን እያዞሩ መስመሩን በገጹ ላይ ማስኬድ። በጥሩ ሥራ መስመሩ እየጎበጠ ይሄዳል፣ ግን አይንቀጠቀጥም። ፈተናው ያለው ነጩ ጅማት ላይ ነው። የጅማቱ ፍሬዎች አቀማመጥ ከሰማያዊው ስለሚለይ ጥንካሬውም በጥቂቱ ይለያል፤ ቸኩሎ የተሠራ ድንጋይ ላይ ጅማቱ ዝቅ ብሎ እንደ ቦይ ይሰማል። እዚህ ጥፍር ቢጎተትበት ምንም አይይዘውም። መስመሩ አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ከመቀመጫው ሁለት ጣት ከፍ ብሎ በግራ በኩል፣ ትንሽ ይወላገዳል። ሠሪው ያንን ቦታ ማረም ይችል ነበር፤ ለማረም ግን ከሰፊው ጅማት ሥር የሚያልፈውን ቀጭን ጅማት መቁረጥ ነበረበት። ተወው። ጥሩ አደረገ።

ከሁሉ የማደንቀው ግን መቀመጫውን ነው። ብዙ ሠሪዎች እዚያ ሲደርሱ ይደክማሉ፣ ምክንያቱም አይታይም። የዚህ ድንጋይ መቀመጫ ፍጹም ጠፍጣፋ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ አይነቃነቅም፣ ወረቀትም ከሥሩ አይገባም። አልተወለወለም፤ እንዳይንሸራተት ሆን ተብሎ ደብዛዛ ሆኖ ቀርቷል። ጠፍጣፋው ከጎኑ ጋር በሚገናኝበት ዙሪያ ደግሞ 1 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሰያፍ ጠርዝ አለ። ዙሪያውን በሙሉ ስፋቱ አይለወጥም። ስለታም የካልሳይት ጠርዝ ጠረጴዛ ላይ በተቀመጠ ቁጥር ይሸረፋል፤ ሽራፊው ከሦስቱ አቅጣጫዎች አንዱን ይዞ ወደ ውስጥ ይሄዳል። ያ 1 ሚሊ ሜትር የተሠራው ለዚህ ነው። የተሠራውም ከመወልወሉ በፊት ነው፣ ምክንያቱም ሰያፉ ጠርዝ ራሱ ያብረቀርቃል።

ስለ ካልሳይትና ብርሃን ብዙ የሚባል አለ። ንጹሑና ቀለም የለሹ ካልሳይት አንዱን ብርሃን ለሁለት ይከፍለዋል። 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ ጽሑፍ ላይ ቢቀመጥ እያንዳንዱ ፊደል ሁለት ይሆናል፤ በሁለቱ መካከል 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይኖራል። ዴንማርካዊው ራስሙስ ባርቶሊን ከአይስላንድ በመጣ ክሪስታል ይህን አይቶ እ.ኤ.አ. በ1669 ጻፈው። ስኮትላንዳዊው ዊልያም ኒኮል እ.ኤ.አ. በ1828 ሁለት የካልሳይት ቁራጮችን በሰያፍ አጣብቆ ከሁለቱ ብርሃኖች አንዱን አስቀረ። የእሱ ፈጠራ የጂኦሎጂስቶች ማይክሮስኮፕ ዓይን ሆነ። ባዛልት 0.03 ሚሊ ሜትር እስኪሆን ተሞርዶ በዚያ ማይክሮስኮፕ ሲታይ በውስጡ ያሉት ማዕድናት በየቀለማቸው ይለያሉ። ጥቁሩን ድንጋይ ለማንበብ ሌላ ድንጋይ ያስፈልግ ነበር ማለት ነው። በሰማያዊው ካልሳይት ፊደል ሁለት ሆኖ አይታይም፤ ፍሬዎቹ ብዙ ስለሆኑና ውስጡ ስለሚደበዝዝ።

ከአዲስ አበባ በመኪና እንጅባራ የደረሰ ሰው ብዙ ካልሳይት አይቶ መጥቷል። መንገዱ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዐባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ወደ ደጀን ሲወጣ ከባዛልቱ ሥር የኖራ ድንጋይ ይታያል፣ ከኖራው ድንጋይ ሥር ጀሶ። የኖራ ድንጋይ ማለት በአብዛኛው ካልሳይት ነው፣ በጁራሲክ ዘመን ባሕር የነበረ ቦታ ላይ የተነጠፈ። ፍሬው እጅግ ደቃቅ ስለሆነ አይብረቀረቅም። 100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል 44 ኪሎው ጋዝ ሆኖ ይሄዳል፤ 56 ኪሎ ኖራ ይቀራል። የጎንደር ነገሥታት ግንቦች የተያያዙት በኖራ ነው። ዛሬ ሲሚንቶ የሚሠራውም ከዚሁ ነው።

ከደጀን በኋላ ደብረ ማርቆስን፣ ቡሬን አልፎ አዊ ሲገባ መሬቱ ባዛልት ነው። ዘንገና ሐይቅ የተኛበት ጉድጓድ ራሱ የእሳተ ገሞራ አፍ ነው። እዚህ ካልሳይት ቢገኝ በድሮ ባዛልት ቀዳዳዎች ውስጥ ነው፤ ጋዝ የተወውን ባዶ ቦታ ውሃ ቀስ በቀስ በነጭ ማዕድን ይሞላዋል። ነጩ ሁሉ ካልሳይት አይደለም። ዱቄቱን ፍቆ ጠንካራ ኮምጣጤ ማንጠብጠብ ይለየዋል፤ ካልሳይት ከሆነ አረፋ ያወጣል። ከእንጅባራ ወደ ምዕራብ፣ ቻግኒን አልፎ ወደ መተከል ሲወረድ ግን ነገሩ ይለወጣል። በቡለንና በማንኩሽ አካባቢ እብነ በረድ አለ። እብነ በረድ ማለት በምድር ውስጥ ሙቀትና ጫና ያሳደገው ካልሳይት ነው፤ ፍሬዎቹ ትልልቅ፣ መጋጠሚያቸው የጠበቀ። ማዳጋስካር ላይ ሰማያዊውን የሠራ እጅ ይህን ቢይዝ አይደናገርም። መሳያውም፣ ዱቄቱም፣ የመቀመጫው ሰያፍ ጠርዝም ያው ነው።

እኛ ግን እብነ በረዱን ለወለልና ለደረጃ በስሱ ሰንጥቀን እንጨርሰዋለን። ለመዳፍ የሚሆነው ውፍረት ያለው ከቋጥኙ ጠርዝ ሲቆረጥ በሚወድቀው ፍርፋሪ ውስጥ ነው፤ ያ ፍርፋሪ ሲፈጭ ወይም ሲጣል ሳይ ያናድደኛል። ነጭ ነው፣ ሰማያዊ አይደለም፤ ዋጋውም ያንሳል። ሥራው ግን ከቀለሙ አይለካም።

በአማራ ክልል ድንጋይ የሚለሰልስበትን ሙያ ያስለመደ ማዕድን የወገል ጤና ኦፓል ነው። ደላንታ ገደል ውስጥ፣ ውፍረቱ 1 ሜትር በማይሞላ ንጣፍ እ.ኤ.አ. በ2008 ተገኘ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የዓለም ገበያ አወቀው። ኦፓልና ካልሳይት በሠሪው እጅ ተቃራኒ ናቸው። ኦፓል መሰንጠቂያ አቅጣጫ የለውም። ጥንካሬው 6 ገደማ ነው። ቀለሙ ከማቅለሚያ አይመጣም፤ በእኩል የተደረደሩ ደቃቅ የሲሊካ ሉሎች ብርሃኑን ሲከፋፍሉት የሚታይ ነው። ስለዚህ የኦፓል ሠሪ ውፍረት ሳይሆን አቅጣጫ ይፈልጋል፤ ጥሬውን እያዞረ ቀለሙ ወደ ላይ የሚወጣበትን ፊት ይመርጣል። ደግሞም የወገል ጤና ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ሲሠራ በውሃ ስለሚርስ ቀለሙ ይጠፋና እንደ ብርጭቆ ይጠራል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። ሠሪው ያለቀውን ሥራ ለማየት መታገሥ አለበት። ካልሳይት እንዲህ አያስጠብቅም፤ ጨርቅ ነክቶት ወዲያው ይናገራል።

ሰማያዊ ካልሳይት መሰብሰብ ለሚጀምር ሰው ዋናው ጥንቃቄ ቀለም ነው። የተነከረ ድንጋይ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ቀለሙ ስንጥቆቹ ውስጥ ተጠራቅሞ ይገኛል፤ የተፈጥሮው ሰማያዊ ስንጥቅ ላይ አይጠቁርም። ሳይወለወል በአሲድ ተነክሮ የለሰለሰም ይሸጣል። ገጹ ዘይት የተቀባ ይመስላል፣ ማዕዘኖቹ የቀለጡ። ርካሽ ነው፤ እጅ ግን አልነካውም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከፓኪስታን ሰማያዊው ከነጭና ከቡናማ አራጎናይት ጋር የተዋሐደ ዓይነት መጥቷል። እሱን ማለስለስ ይከብዳል፣ ሁለቱ ማዕድናት በጥንካሬ አንድ ስላልሆኑ። ድንበራቸው ላይ ጥፍር የማይዝበት ቁራጭ የተገኘ እንደሆነ ዋጋውን ይዞ መከራከር አያስፈልግም።

ቤት ውስጥ የካልሳይት ጠላት ሎሚ ነው። አንድ ጠብታ ከቆየችበት ደብዛዛ ቀለበት ትተዋለች። ቀጥሎ አቧራ ይመጣል። የእንጅባራ የበጋ አቧራ ከባዛልት የወጣ ነው፤ በውስጡ ያሉት ፌልድስፓርና ፓይሮክሲን ጥንካሬያቸው 6 ገደማ ነው። በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ማለት እንግዲህ በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ማለት ነው። መምህርቷ መጀመሪያ በቀጭን ውሃ ያጥቡታል፤ ከዚያ በጥጥ ጨርቅ ተጭነው ያደርቁታል፣ አይጎትቱትም። እንዲያም ሆኖ አናቱ፣ እንግዳ ሁሉ የሚዳስሰው ቦታ፣ ትንሽ ደብዝዟል። ይህን ለመመለስ እንደገና ከ80 መጀመር አያስፈልግም። 1200፣ 3000፣ ከዚያ ዱቄቱ ይበቃል።